አባት ከሌለው ፍጠርለት

ወላሂ፣ ይሄ ነገር ሆኗል።

ታምኑም አታምኑም የእናንተ ጉዳይ ነው። እኔ ሃምሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ ሰው እንዲያነብልኝ ብዬ በሞተች እህቴ አልቀልድም።

ቀኑ ሐሙስ፣ ኅዳር 22 ቀን 1992 ዓ.ም. ነው። ሰዓቱ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከአርባ። ቦታው ቦሌ መንገድ፣ ከአንድ የፈርኒቸር መሸጫ በላይ፣ አራተኛ ፎቅ።

ጨለማ የለም። መቃብር የለም። ጅብ አልጮኸም። ፀሐይዋ እንዲያውም ዓይን ታስጨፍን ነበር።

አንድ ኮምፒውተር ነበር... ኮምፒውተሩ ላይ አንድ ባዶ ሳጥን ነበር... እኔ ደግሞ ሳጥኑ ውስጥ አንድ ስም ጻፍኩ።

በቃ፣ ያደረግኩት ይሄን ብቻ ነው።

ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

ሪሀና እባላለሁ። ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣሁ አቶ ገብረዋሕድ የሚባሉ ሰው ድርጅት ውስጥ ፕሮግራመር ሆኜ ተቀጠርኩ። ድርጅት ስላችሁ ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። ሁለት ክፍል፣ አራት ኮምፒውተር፣ አንድ የስልክ መስመር። ሠራተኞቹ እኔና ላጲሶ ነን።

ላጲሶ የሆሳዕና ልጅ ነው። ጭንቅላቱ ምላጭ ነው፤ አፉ ግን አያርፍም። ቀልዱና ቁም ነገሩ ስለማይለይ ሲያመው እንኳ የሚያምነው አልነበረም።

ቤታችን ላምበረት ነው። ያኔ እንደ ዛሬው መናኸሪያ አልነበረም፤ የደሴ መንገድ ግን በደጃችን ያልፋል። አባቴ ሃይደር በዚያ መንገድ ላይ ሠላሳ ዓመት አውቶቡስ ነድቷል። የግራ እጁን ትንሿን ጣት ሸዋ ሮቢት ላይ የሞተር ማራገቢያ ቆርጧታል። "መንገዱ ቀረጥ ወሰደብኝ" እያለ ይቀልድ ነበር።

ቤት ውስጥ ሦስት ነበርን። አባቴ፣ እኔና ሙነወር።

ሙነወር የታላቅ እህቴ የዘሃራ ልጅ ነው። ስድስት ዓመቱ ነበር። የፊት ጥርሱ ስለወለቀ ሲስቅ አፉን በእጁ ይሸፍናል። መንገድ ሲሄዱ የአባቴን ግራ እጅ ነው የሚይዘው፤ ያቺን የጎደለችውን ቦታ በጣቱ እየዳበሰ።

ዘሃራ ደሴ አስተማሪ ነበረች። አንድ ቀን ሳትነግረን አርግዛ መጣች።

"የማን ነው?" አልናት።

"ስም የለውም" አለች።

ንዴት መሰለንና ተውናት። ሌላ ቀን ደግመን ጠየቅናት።

"ስም የለውም" አለች... ቀስ ብላ... በሩን እያየች።

በወለደች በሦስተኛው ቀን ሞተች።

አባቴ ሕፃኑን ተቀብሎ "ልጁ የኔ ነው" አለ። እኛ ዘንድ ደግሞ ያሳደገ አባት ነው፤ ልጅም ባሳደገው ሰው ስም ይጠራል። ክሊኒክ ሙነወር ሃይደር፣ ትምህርት ቤት ሙነወር ሃይደር ተባለ። ከዚያ ወዲያ የወላጅ አባቱ ነገር በቤታችን አልተነሣም። ማንሣት የዘሃራን መቃብር መቆፈር ነው የሚመስለን።

እንግዲህ የሙነወር ትምህርት ቤት ገርጂ ነበር። ስሙን አልጠራም። ትምህርት ቤቱ ተማሪዎቹን በኮምፒውተር መመዝገብ ፈለገና እኛ ጋ መጣ። በዌብ ገጽ ላይ የሚሞላ ፎርም ሥሩልን አሉን።

ለማታውቁት በቀላሉ ላስረዳ። ፎርም ላይ የሚሞሉ ሳጥኖች አሉ። እያንዳንዱ ሳጥን ከጀርባው ከአንድ ነገር ጋር ይታሰራል። "የተማሪው ስም" የሚለው ሳጥን ከተማሪው ጋር ይታሰራል፤ ሳጥኑ ላይ የጻፍከው እሱ ላይ ይጻፋል።

"የአባት ስም" ሲሆንስ?

"አባት ጽሑፍ አይደለም፣ ሰው ነው" ይል ነበር ላጲሶ። "የራሱ ስም አለው፣ አድራሻ አለው፣ ስልክ አለው።"

ስለዚህ በተማሪው ውስጥ አባት የሚባል ሌላ ሰው አስቀመጠ። ሳጥኑ በልጁ በኩል ገብቶ፣ አባቱን አግኝቶ፣ አባቱ ላይ ይጽፋል። ይህን የሚያስረውን የፕሮግራም መሠረት፣ ፍሬምወርክ የምንለውን፣ ላጲሶ ራሱ ነበር የጻፈው። እንደ ዛሬ ከኢንተርኔት አውርዶ መገላገል የለም።

አንድ ችግር ነበረበት። አባት የሌለው ልጅ ሲገባ ፕሮግራሙ ይወድቃል። ሳጥኑ የሚታሰርበት ሰው ያጣል።

ላጲሶ ሁለት ቀን ተጨነቀ። በሦስተኛው ቀን እየሳቀ ጠራኝ።

"ሪሁ፣ ነይ እዪ! አንድ መስመር ብቻ!"

መስመሯ በአማርኛ ስትነበብ እንዲህ ነበር የምትለው፦ አባት ከሌለው፣ ፍጠርለት።

"ባዶ ሰው ይፈጥርለታል" አለኝ። "ስም የለው፣ አድራሻ የለው። ሳጥኖቹ እሱ ላይ ይታሰራሉ። እሱ ዝም ብሎ ቆሞ ይጠብቃል።"

"ምንድን ነው የሚጠብቀው?"

"እስኪሞላ ነዋ!"

ሳቅኩ። አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ከልቤ ነው የሳቅኩት።

ሰኞ፣ ኅዳር 12።

ኅዳር የሚታጠንበት ቀን ነው። ሰው በየደጁ ቆሻሻ እያቃጠለ ጭሱ ቦሌን ከላይ እስከ ታች ሸፍኖታል። አቶ ገብረዋሕድ ሚካኤልን ሊያነግሡ ሄደዋል። ላጲሶ ምሳ ወጥቷል። ብቻዬን ነበርኩ፤ ሰባት ሰዓት ገደማ።

ፎርሙን ልሞክር ብዬ የማውቀውን ልጅ መዘገብኩ። ያኔ አማርኛ በዌብ ላይ ስለሚያስቸግር በላቲን ፊደል ነበር የምንጽፈው።

ስም፦ ሙነወር።

ቀጥሎ ያለው ሳጥን "የወላጅ አባት ስም" ይላል።

እጄ ቆመ።

ስድስት ዓመት ሙሉ ሃይደር ብለን ኖረናል። የዚያን ቀን ግን ማንም የሚያየኝ ስለሌለ፣ ለአንዴ እንኳ እውነቱን ልጻፍ አልኩ። እውነቱ ደግሞ አላውቅም ነው። ሳጥኑን ባዶ ተውኩትና መዘገብኩ።

ፕሮግራሙ አልወደቀም። ተቀበለኝ።

ትንሽ ቆይቼ መዝገቡን መልሼ ከፈትኩት። የአባት ስም ባዶ ነው። ዕድሜ ባዶ። ስልክ ባዶ።

አድራሻ፦ ደሴ።

እኔ አድራሻ አልጻፍኩም...

ላጲሶ ሲመለስ ያዝኩት።

"ይሄን አንተ ነህ የጻፍከው?"

"ምኑን?"

"ደሴ የሚለውን።"

"እኔ ደሴን በካርታም አላውቃት፣ ሪሁ።"

መቼም ቀልደኛ ነው ብዬ አላመንኩትም። ግን ቤቴ ስገባ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ለላጲሶ ስለ ዘሃራ ነግሬው አላውቅም።

ማክሰኞ ከፈትኩት።

አድራሻ፦ ኮምቦልቻ።

ረቡዕ... ከሚሴ።

ላጲሶ ቀልዱን ተወ። ማን እንደገባ የሚያሳየውን መዝገብ ፈተሸ፤ ማንም አልገባም። የኔትወርኩን ገመድ ነቀለው። ማታ ስንወጣ ኮምፒውተሩን አጥፍተን ሶኬቱንም ነቀልን።

ሐሙስ ስንከፍተው... አጣዬ።

ሌላም ነገር ነበር። ገጹን በከፈትኩ ቁጥር የሚጻፍበትን ቦታ የምታሳየው ጠቋሚ ራሷ ሄዳ የአባት ስም ሳጥን ውስጥ ትቆማለች። ብልጭ ድርግም... ብልጭ ድርግም። ሌላ ቦታ ብወስዳትም ትመለሳለች።

ስም የሚለምን ሰው ነው የመሰለኝ።

ለአቶ ገብረዋሕድ ነገርናቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና "ቫይረስ ነው" አሉ።

ያን ዕለት ከመግሪብ ሶላት በኋላ እራት ላይ አባቴን ጠየቅኩት።

"አባባ፣ ሰኞ ደሴ ሆኖ ማክሰኞ ኮምቦልቻ፣ ረቡዕ ከሚሴ፣ ሐሙስ አጣዬ የሚደርስ መኪና ምን ዓይነት ነው?"

"ለቁርጥራጭ ብረት የሚሸጥ!" ብሎ ሳቀ።

ከዚያ ግን ሳቁን ተወው። በሐሳቡ መንገዱን የሚነዳው መሰለኝ።

"መኪና አይደለም" አለ። "መኪና ባንድ ቀን ይገባል። ይሄ እግረኛ ነው... ያውም ብዙ የማይተኛ።"

"ነገ የት ይደርሳል?"

"ሸዋ ሮቢት። ከዚያ ደብረ ሲና፣ ጣርማ በር፣ ደብረ ብርሃን... እስከ እኛ ደጅ ሳምንት አይፈጅበትም። ምነው፣ እንግዳ አለብን እንዴ?"

"የለም፤ ለሥራ ነው።"

ሙነወር ከሳህኑ ቀና አለ።

"እንግዳው ማን ይባላል?" አለ።

አባቴ አጎረሰው።

ዓርብ ሸዋ ሮቢት።

ቅዳሜ ደብረ ሲና።

ሰኞ ደብረ ብርሃን።

"እንሰርዘው!" አልኩት ላጲሶን።

"ቆይ፣ መጀመሪያ በሌላ እንሞክር" አለ። የሌለ ልጅ ፈጠረ፣ የሌለ አባት ሰጠው። ከዚያ አባቱን ብቻ ሰረዘው።

ልጁም አብሮ ጠፋ።

"አስሬያቸዋለሁ እኮ..." አለ ድምፁ ዝቅ ብሎ። "አንዱ ሲሄድ ሌላውም ይሄዳል።"

"ያቺን መስመር አውጣት።"

"አውጥቻታለሁ። ከእንግዲህ አዲስ አይፈጥርም። የተፈጠረውን ግን አታጠፋውም።"

"ታዲያ ምን እናድርግ?"

የጻፈውን ከመጀመሪያው ጀምሮ ማንበብ ጀመረ። አንድም ቀልድ አልወጣውም። ያን ጊዜ ነው በእውነት የፈራሁት።

ማክሰኞ ሸኖ። ረቡዕ ሰንዳፋ።

ሐሙስ ጠዋት ሙነወር ካልሲውን ሲያጠልቅ አባቴን በሹክሹክታ ጠየቅኩት።

"ዛሬ ትምህርት ቤት ባይሄድስ?"

"ፈተና አለበት። ምን ሆነሻል አንቺ ሰሞኑን?"

ምን ልበለው? አንድ ሰው ከደሴ በእግሩ እየመጣ ነው፣ የሙነወር አባት ሳይሆን አይቀርም፣ ሰውም ላይሆን ይችላል ልበለው? ዘሃራን ላንሣ? ስድስት ዓመት የተዘጋ አፍ በአንድ ጠዋት አይከፈትም። ፈሪ ነበርኩ።

"ምንም" አልኩ። "በጊዜ አምጣው።"

"እንደ ሁልጊዜው በዘጠኝ ሰዓት አመጣዋለሁ" አለ። ሙነወር የአባቴን ግራ እጅ ይዞ ሄደ። ከበሩ ሲወጣ ዞሮ በእጁ አፉን ሸፍኖ ሳቀልኝ።

አምስት ሰዓት ላይ... ካራ።

ሰባት ሰዓት... ኮተቤ።

ስምንት ሰዓት... ላምበረት።

ደጃችን ደርሷል። አባቴ ቤት ነው ያለው። ስልኩን አነሣሁ። መስመሩ የሞደም ጩኸት ብቻ ነው። አቶ ገብረዋሕድ በወዲያኛው ክፍል በዚያው መስመር ኢሜይል እየላኩ ነው።

"ስልኩን ይልቀቁልኝ!"

"ሁለት ደቂቃ ልጄ፣ ሊያልቅ ነው።"

ወደ ኮምፒውተሩ ተመለስኩ።

አድራሻ፦ መገናኛ።

ቤታችንን አልፎ ሄዷል። እኛ ቤት አልነበረም የሚመጣው።

ዓይኔ እያየ ቃሉ ተለወጠ።

አድራሻ፦ ገርጂ።

ስምንት ሰዓት ከሠላሳ ሰባት።

 ጠቋሚዋ ስም ሳጥን ውስጥ ናት። ብልጭ ድርግም... ብልጭ ድርግም። ያን ጊዜ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። የሚመጣው ቦታው ባዶ ስለሆነ ነው አልኩ። አንድ ጊዜ የለም ብዬ ጽፌያለሁና ክፍት ቦታ አግኝቷል። ቦታው በባለቤቱ ከተያዘ ግን የሚቆምበት አያገኝም። ቤተሰባችን ስድስት ዓመት ሙሉ የጻፈውን እኔም ልጻፈው።

ሃይደር ብዬ ጻፍኩ። መዘገብኩ።

ስምንት ሰዓት ከአርባ ነው።

ጠቋሚዋ ቆመች።

እፎይ አልኩ። እውነቴን ነው፣ ወንበሩ ላይ ተደግፌ አልሐምዱሊላህ አልኩ።

ላጲሶ ከጀርባዬ መጥቶ ስክሪኑን አየ።

"ምን አደረግሽ?"

"ተካሁት። አባባን አስገባሁ።"

"ሪሁ..."

"ቆመ እኮ! እየው፣ ቆመ!"

"አልተካሽውም" አለ በሹክሹክታ። "ሳጥኑ ሌላ ሰው አያመጣም። የሚጽፈው እዚያው ባለው ሰው ላይ ነው። ስንሠራው ነግሬሻለሁ..."

"ምን ማለት ነው?"

ፊቱ አመድ መሰለ።

"ስም ሰጠሽው።"

ደረጃውን እንዴት እንደወረድኩ አላስታውስም። ኮንትራት ታክሲ ያዝኩ። ላዳዋ ገርጂ እስክትደርስ ስንት ጊዜ የያሲንን ሱራ እንደጀመርኩና ስንት ጊዜ እንደጠፋብኝ አላህ ያውቃል።

ዘጠኝ ሰዓት ከአምስት ላይ ደረስኩ።

አባቴ በሩ ላይ ቆሟል። ብቻውን። ፊት ለፊቱ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ኦላና ቆቡን በእጁ ጨምድዶ ይዟል።

ኦላናን ወላጅ ሁሉ ያውቀዋል። አንድ ሕግ አለችው። የልጁን አባት ስም ያልጠራለት ሰው ልጅ አይወስድም። በየቀኑ የሚያየውን ሰው እንኳ "የማን አባት? ስም?" ብሎ ሳይጠይቅ አያሳልፍም። ልጆቹ ይስቁበት ነበር። እኛ ወላጆች ደግሞ በዚያች ሕግ እንመካ ነበር።

"ጋሽ ሃይደር፣ አይቀልዱብኝ" ይላል ኦላና። "ቅድም ወሰዱት እኮ።"

"ማን ነው የወሰደው?"

"እርስዎ ነዎት!"

አባቴ ሊስቅ ነበር። እኔን ሲያይ ሳቁ ጠፋ።

"ኦላና፣ ምን ሆነ? ከመጀመሪያው ንገረን" አልኩ።

"አንድ ሰው መጥቶ ደጁ ላይ ቆመ። አቧራ በአቧራ ነው። ከሩቅ በእግሩ የመጣ ይመስላል። ጫማ የለው። መልኩን... እንጃ እህቴ፣ አየዋለሁ ግን አልይዘውም። 'ማንን ፈልገህ ነው?' አልኩት። ዝም። 'ስም?' አልኩት። ዝም። እንደ ድንጋይ ተገትሮ ቆመ። ልባርረው ስል ቀና አለ..."

"ስንት ሰዓት ላይ?"

"ስምንት ከአርባ። የክፍል ደወል ሲደወል ነው።"

"ከዚያስ?"

"'ሃይደር' አለኝ። በእርስዎ ድምፅ ነው ጋሽ ሃይደር። ሳየው እርስዎ ነዎት። ጭንቅላቴ የዞረብኝ መሰለኝና አፈርኩ። ልጁን ከክፍል አስጠራሁት።"

አባቴ ግድግዳውን ተደገፈ።

"ልጁ ምን አለ?" አልኩ።

ኦላና ማልቀስ ጀመረ።

"እምቢ አለ። 'አባባ አይደለም፣ ጣቱ ሙሉ ነው' አለኝ። ከእርስዎ ጋር ሲላፉ ስለማይ ጨዋታ መሰለኝ። እኔ ነኝ... እኔ ነኝ ሂድ ብዬ የገፋሁት።"

መዝገቡን አመጣልን። ልጅ የወሰደ የሚፈርምበት ደብተር ነው። የሙነወር መስመር ላይ የአባቴ ስም ተጽፏል። በላቲን ፊደል።

አባቴ የላቲን ፊደል አይጽፍም።

ፖሊስ ጋ ሄድን። ሬድዮ አስነገርን። ፎቶውን በየግንቡ ለጠፍን። ከዚያ በላይ ምን ይደረጋል?

በማግስቱ ኮምፒውተሩ ላይ የሙነወርን መዝገብ ከፈትኩት።

አድራሻ፦ ሰንዳፋ።

ለአባቴ ሁሉንም ነገርኩት፤ የጓደኛውን ፒክአፕ ለምኖ ተነሣ። እኔ ከቢሮ በየመናኸሪያው ያሉ የድሮ ጓደኞቹ ጋ እየደወልኩ እነግረዋለሁ። ሸኖ ሲል ሸኖ ይደርሳል። "አንድ አቧራ የለበሰ ሽማግሌ ልጅ ይዞ አሁን አለፈ" ይሉታል። ደብረ ብርሃን ሲል ደብረ ብርሃን ይደርሳል። "አሁን አለፉ።" ደብረ ሲና ላይ ደግሞ አንዲት ብርቱካን ሻጭ "ጋሼ፣ ልጁን የት ተዉት?" አለችው።

ሠላሳ ዓመት የነዳበት መንገድ ነው። በመኪና ሄዶ አንድ እግረኛ መያዝ አቃተው።

ያ ሰውና ሙነወር ደሴ ሲደርሱ አድራሻው ባዶ ሆነ።

ከዚያ የሙነወር ሳጥኖች አንድ በአንድ ባዶ መሆን ጀመሩ። መጀመሪያ ክፍሉ። ቀጥሎ ዕድሜው። የመጨረሻው ቀን ስሙ ፊደል በፊደል ከኋላ ወደፊት ጠፋ። እጄን ስክሪኑ ላይ አድርጌ አለቀስኩ። ላጲሶ አጠገቤ ቆሞ ነበር፤ በዚያው ሳምንት ሥራውን ለቆ ሆሳዕና ገባ። ሲሚንቶ መነገድ ጀመረ፤ ኮምፒውተር ድጋሚ አልነካም።

ወር ሙሉ ባዶ ሆኖ ቆየ።

ጥር ውስጥ አንድ ቀን ከፈትኩት። የልጁ አድራሻ ተጽፏል።

ኮምቦልቻ።

ኮምፒውተሩን ከአቶ ገብረዋሕድ ለምኜ ቤት ወሰድኩት። አሁን የሚመጣው ቀስ ብሎ ነበር። ከከተማ ከተማ አራት ቀን፣ አምስት ቀን ይፈጅበታል። እንደ ትንሽ ልጅ እርምጃ።

የካቲት መጨረሻ ላይ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት... ላምበረት።

አባቴ ሮጦ በሩን ከፈተው። ማንም የለም። የብረቱ በር ላይ፣ በውጭ በኩል፣ ከወገብ በታች፣ በአቧራ የታተመ ትንሽ የእጅ አሻራ አለ።

ጠቋሚዋ የልጁ ስም ሳጥን ውስጥ ገብታ ብልጭ ድርግም ትል ጀመር።

"ጻፊው!" አለኝ አባቴ። "ሙነወር በይው! ስሙን ስጪው፣ ይግባ!"

ጣቴን አነሣሁ...

አልቻልኩም። ባለፈው ስም ስሰጥ ስሙን ማን እንደለበሰው አይቻለሁ። በሩ ላይ ያለው ሙነወር ቢሆንስ? እሱ ባይሆንስ? ጽፌ ባስገባው ማንን ነው የማስገባው?

አልጻፍኩም። አባቴ አልተቆጣኝም፤ ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ወንበሩን አውጥቶ ከበሩ በውስጥ በኩል ይቀመጥና በሩን ያያል።

ሃያ አምስት ዓመት እንዲህ ኖርን። ላምበረት መናኸሪያ ሆነ። ስንዴ ይታጨድበት የነበረው ሰሚት ኮንዶሚኒየም ሞላው። ጎረቤቶቻችን ሸጠው ሄዱ፤ እኛ አልሸጥንም። ልጁ ቢመጣ የት ያገኘናል? ያ ኮምፒውተር እስከ ዛሬ ይሠራል፤ አድራሻው ላምበረት እንዳለ ነው። አሻራውን በየቀኑ በእርጥብ ጨርቅ እጠርገዋለሁ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ይመለሳል። አንድም ቀን ከስድስት ዓመት ልጅ ቁመት ከፍ ብሎ አያውቅም።

አባቴ ባለፈው ወር ወደ አኼራ ሄደ። ዘጠና ሁለት ዓመቱ ነበር። ሊለየኝ ሲል ጆሮዬን ወደ አፉ አቀረብኩ።

"በሩን..." አለ። ክፈቺው ሊል ይሁን ዝጊው አላወቅኩም።

ትናንት ለቅሶ የመጡት ዘመዶች ሁሉ ሄደው ብቻዬን ቀረሁ። ዘጠኝ ሰዓት ሲያልፍ ጨርቄን አርጥቤ ወጣሁ። የበሩን ውጭ አየሁት። ንጹሕ ነው።

ለመጀመሪያ ጊዜ ምንም የለበትም።

ደስ አለኝ። "ሄደልኝ" ብዬ አሰብኩና ወዲያው ደግሞ ልቤ ተሰበረ። ገብቼ ልዘጋው ስዞር ነው ያየሁት።

አሻራው በውስጥ በኩል ነው።

ትንሿ እጅ እዚያችው ቁመቷ ላይ አለች። ከላይዋ፣ አጠገቧ፣ አንድ ትልቅ የግራ እጅ ታትሟል።

አባባ መሰለኝ። አግኝቶት ይዞት የመጣ መሰለኝ። እዚያው ተንበርክኬ ጣቶቹን ቆጠርኩ።

አምስት ናቸው።